የስሕተት ትምህርትን የሚያጋልጥ አገልግሎት እንዴት ይመዘናል? የአንድ ጉባኤ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ይህ ጽሑፍ የስሕተት ትምህርትን የሚያጋልጥ አንድ የቪዲዮ ቻናል ስለ አንድ ሰባኪ በለቀቀው ቪዲዮ ምክንያት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ወንጌላዊ ጉባኤ ውስጥ የሆነውን ይመዘግባል። የጉባኤውን፣ የሰዎቹንም ሆነ የቻናሉን ስም አልጠቀስኩም። ቻናሉ ዛሬም አለ። ስሙ የተነሣው ሰባኪም እያገለገለ ነው። ስማቸውን ብጽፍ አንባቢ ጉዳዩን ትቶ ሰዎቹን ፍለጋ ይሄዳል።

ሽማግሌዎች ነገሩን እንዲያጣራ አራት ሰዎች ያሉበት ቡድን አቋቁመው ነበር። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አሁን የጻፍኩት ሌሎች ጉባኤዎችም በዚሁ ነገር ሲቸገሩ ስለማይ ነው። አንዱ ሽማግሌ ቪዲዮ ይልካል፣ ሌላው ይቆጣል፣ ወጣቶቹ ይከፋፈላሉ። ቪዲዮውን ግን ተቀምጦ የመረመረው ሰው የለም።

መነሻው

ወንጌላውያን ክርስቲያኖች በአገራችን በአጭር ጊዜ በዝተዋል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከሕዝቡ 10 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ1999ኙ ከ18 በመቶ በላይ ሆኑ። የሰው ቁጥር እንዲህ ሲጨምር የአስተማሪ ቁጥር እኩል አልጨመረም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ብዙ ነገር ገባ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች መጡ፤ ከዚያ ዩቲዩብና ቴሌግራም ተከተሉ። "ነቢይ" የሚል መጠሪያ ያላቸው ሰዎች በዙ። የቅባት ዘይት የሚሸጥ፣ "ዘር ዝሩ" እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ ታየ። እነዚህን የሚያጋልጡ ቻናሎችም አብረው ተወለዱ።

ስለ አንዱ ቻናል የሰማነው በአንዲት እናት ምክንያት ነው። እንጀራ ጋግረው ለሱቆች እያስረከቡ የሚኖሩ፣ በቤት ኅብረታችን የሚጸልዩ እናት ናቸው። እቁብ ደርሷቸው ነበር። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው የመኖሪያ ወረቀት እንዲያገኝ የእቁቡን ገንዘብ በሙሉ ለአንድ "ነቢይ" በዘር መልክ ሊሰጡ ወሰኑ። የእህታቸው ልጅ አንድ ቪዲዮ ላከችላቸው። ቪዲዮው ያ ሰው በመድረክ ላይ "ተገለጠልኝ" ብሎ የተናገረውን የአንድ ምእመን የግል መረጃ ያሳያል። አጠገቡ ደግሞ የዚያኑ ምእመን የፌስቡክ ገጽ ያስቀምጣል። ስሙ፣ የልጆቹ ስም፣ የሠርጉ ቀን፣ ሁሉም ገጹ ላይ ተጽፏል። እናታችን ገንዘባቸውን አልሰጡም።

በቀጣዩ ረቡዕ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ተነሥተው መሰከሩ። ምስክርነታቸውን ሲጨርሱ ወደ ፊት ወንበር አዩና "እናንተ ግን የት ነበራችሁ?" አሉ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ይህን ዓረፍተ ነገር በቃለ ጉባኤያችን መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ይህ ጥያቄ እንደተጠየቀ ታስቦ ይነበብ።

ችግሩ

ከሦስት ወር በኋላ ያው ቻናል ሌላ ቪዲዮ ለቀቀ። 14 ደቂቃ ነው። የሚናገረው በዓመታዊ ኮንፍረንሳችን ላይ ስለሰበከ አንድ ወንድም ነበር። ሰባኪው "ኢየሱስ በምድር ሳለ አምላክ አልነበረም" ሲል በራሱ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ አቅራቢው የክርስቶስን አምላክነት የካደ ሰው ነው ይለዋል።

የወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪው ቪዲዮውን ቅዳሜ ከሰዓት በፕሮጀክተር አሳየ። ማንንም አላስፈቀደም። በጎ አሳቢ ልጅ ነው፤ እናታችን ከመጭበርበር የዳኑት በዚሁ ቻናል ነው ብሎ አምኖት ነበር። ማታውን የወጣቶቹ ቴሌግራም ግሩፕ ተቃጠለ። ግማሹ "መድረካችንን ለመናፍቅ ሰጠን" አለ። ግማሹ "በተቀባው ላይ አፍህን አትክፈት" ብሎ መለሰ። እሑድ ጠዋት አንዳንዶች ሰላም እንኳ አልተባባሉም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ሽማግሌዎች በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ነገር አደረጉ። ሁለቱም ስሕተት ነበሩ።

ሰባኪው በሚቀጥለው ወር የሦስት ቀን ትምህርት ሊሰጠን ቀጠሮ ነበረው። በስልክ ሰረዙበት። ምክንያቱን አልነገሩትም። "የፕሮግራም ለውጥ አለ" ብቻ ተባለ። እርሱ ግን ምክንያቱን ያውቅ ነበር፤ ቪዲዮው ለሚስቱም ለልጆቹም ደርሷል። ማንም "ይህን ብለሃል ወይ?" ብሎ አልጠየቀውም።

ሁለተኛው ቻናሉን ማገድ ነበር። ከወጣቶቹ ግሩፕ የቻናሉ ሊንክ እንዳይላክ ታዘዘ። ወጣቶቹ በሁለተኛው ቀን ሽማግሌ የሌለበት ሌላ ግሩፕ ከፈቱ። ቻናሉን የማያውቁትም በዚያ ሳምንት ማየት ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ነው አራታችን የተመረጥነው። የተሰጠን ጥያቄ "ይህን ቻናል እንምከር ወይስ እንከልክል?" የሚል ነበር። ጥያቄው ራሱ ትክክል እንዳልነበረ የገባን ዘግይቶ ነው።

ነጥብ የመስጠት ሙከራ

መጀመሪያ ቅጽ አዘጋጀን። አሥር ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። "በፍቅር ይናገራል?" "መጽሐፍ ቅዱስን በትክክል ይጠቅሳል?" "ትሑት ነው?" የመሳሰሉ ናቸው። አራታችን ለየብቻ ሞላን። ከ50 አንዳችን 41 ሰጠ፣ ሌላችን 22። ያየነው ያንኑ ቻናል ነው።

ልዩነቱ ከእኛ ጠባይ የመጣ ነበር። ለስላሳ ንግግር የሚወድ ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠ። በግልጽ መናገር የሚወድ ከፍ አደረገው። በዕድሜ ትልቁ አባላችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ቅጹን አጠፉና "ናታን ዳዊትን 'ያ ሰው አንተ ነህ' ሲለው እኮ ድምፁ ለስላሳ ነበር ተብሎ አልተጻፈም። የተጻፈው እውነት መሆኑ ነው" አሉ። ቅጹን ተውነው። ድምፁን መመዘን ትተን ነገሩ እውነት መሆን አለመሆኑን ወደማጣራት ሄድን።

ዐሥራ ሁለቱ ቪዲዮዎች

ከቻናሉ 12 ቪዲዮዎች መረጥን። እኛ የምንወዳቸውን ወይም የምንጠላቸውን አልለየንም፤ በቅርብ ከተለቀቁት በተርታ ወሰድን። ለእያንዳንዱ ቅንጥብ ዋናውን ስብከት ፈለግን። ሥራው ይሄ ነበር። አድካሚ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ስብከት ለአንድ ደቂቃ ቅንጥብ ሲባል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል። በሳምንት ሁለት ማታ እየተገናኘን ስድስት ሳምንት ፈጀብን።

ሰባቱ ትክክል ነበሩ። ሰዎቹ የተባለውን ብለዋል፤ ዐውዱም አያድናቸውም። እንዲያውም ሁለቱ ከቻናሉ አቀራረብ የባሰ ነገር ነበራቸው። የእናታችንን ገንዘብ ያዳነው ቪዲዮ ከእነዚህ አንዱ ነው።

በሦስቱ ላይ ቃሉ የሰውየው ነው፤ ድምዳሜው ግን የአቅራቢው ነው። ለምሳሌ አንድ አገልጋይ ከአንድ አወዛጋቢ ሰው ጋር በአንድ ኮንፍረንስ ላይ ፎቶ ተነሥቷል። ከዚያ ፎቶ ተነሥቶ "ትምህርቱን ይጋራል" ወደሚል ተደረሰ። ሠርግ ላይ አብሮ መቆምም እንዲሁ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። በእኛ አገር ሰው ሠርግና ለቅሶ የሚሄደው የእምነት መግለጫ ለመፈረም አይደለም።

ሁለቱ ግን ስሕተት ነበሩ። የአንደኛው ስብከት በአፋን ኦሮሞ ነው። ከታች የተጻፈው የአማርኛ ትርጉም አሉታውን ጥሎታል። "አይደለም" ያለውን "ነው" አድርጎታል። አፋን ኦሮሞ የሚችለው አባላችን አንዴ ሰምቶ ቀና አለ። እኛ ሦስታችን ግን ያንን ቪዲዮ "ትክክል" ብለን ልናልፈው ነበር።

ሌላው ይሄ የተጣላንበት ቪዲዮ ነው። ስብከቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ቅንጥቡ 47 ሰከንድ ነው። ሰባኪው በ31ኛው ደቂቃ ላይ "አንዳንዶች ዛሬ እንዲህ እያሉ ያስተምራሉ" ይላል። ቅንጥቡ የሚጀምረው ከዚህ ቃል ቀጥሎ ነው። ከዚያ የእነዚያን ሰዎች ትምህርት በእነርሱ አንደበት ያቀርባል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቆላስይስ 2፥9ን ያነባል፤ የመለኮት ሙላት ሁሉ በሰውነት ተገልጦ በክርስቶስ እንደሚኖር የሚናገረውን። ከዚያም ሃያ ደቂቃ ያንን ትምህርት ሲያፈርስ ይቆያል። ከሰውየው አፍ የተወሰደው ሊቃወመው ያቀረበው ነገር ነበር።

ክፍሉ ዝም አለ። ይህን ሰባኪ በስልክ የሰረዝነው እኛ ነን።

አንድ ቃል ለሁሉም

ሌላም ነገር አየን። ቻናሉ "ኑፋቄ" የሚለውን ቃል ለሁሉም ነገር ይጠቀምበታል። ሥላሴን ለሚክድም፣ ስለ ጥምቀት የተለየ አቋም ላለውም፣ ስለ ልሳን የተለየ ለሚያስተምርም፣ በመድረክ ላይ አለባበሱ ላላማረም ቃሉ አንድ ነው።

ስለዚህ የቻናሉን ክሶች በሦስት መደብናቸው። በመጀመሪያው መደብ የእምነቱ መሠረት አለ፦ አንድ አምላክ በሦስት አካል፣ የክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት፣ ሞቱና ትንሣኤው፣ በጸጋ መዳን። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ከአርዮስ ጋር የተከራከሩት በዚህ መደብ ነው። በሁለተኛው ቤተ እምነቶች የሚለያዩባቸው ጉዳዮች አሉ። ሦስተኛው የምርጫና የልማድ ነገር ነው። የእናታችን ጉዳይ በየትኛውም አልገባ አለ። እርሱ ማጭበርበር ነው። ለብቻው አስቀመጥነው።

ጋሼ በዚያ ማታ የተናገሩት ከልቤ አይወጣም። አባታቸው ሲሞቱ "ልጁ መናፍቅ ነው" ተብሎ መቀበሪያ ቦታ ተከልክለዋል። ሬሳ ይዘው ሲንከራተቱ ውለዋል። "ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። አለቦታው ከተጠራ ሰው ከሕዝቡ ይቆረጣል። በቦታው ካልተጠራ ደግሞ ሕዝቡ ይታለላል" አሉ።

ከአሜሪካ የተገኘ አንድ ጉዳይ

በሥራው መካከል አንዱ አባላችን የቆየ የአሜሪካ ጉዳይ አቀረበ። አንድ ማታ ሙሉ ተወያየንበት።

ክርስቺያን ሪሰርች ኢንስቲቲዩት የሚባል ተቋም በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1960 ተመሠረተ። ሥራው የስሕተት ትምህርትን መርምሮ ማስጠንቀቅ ነው። በ1970ዎቹ ሎካል ቸርች በሚባለው እንቅስቃሴ ላይ ጽኑ ትችት አቀረበ። እንቅስቃሴው ከሁለት ቻይናውያን አስተማሪዎች፣ ከዋችማን ኒና ከዊትነስ ሊ፣ ጋር የተያያዘ ነው። ሌሎች ጸሐፊዎችም ተከተሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ተፈረደ። በ2006 ደግሞ በቴክሳስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሌላ መጽሐፍ ጉዳይ አሳታሚው ረታ።

ተቋሙ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ጉዳዩን እንደገና መረመረ። ስድስት ዓመት ፈጀበት። በ2009 በመጽሔቱ ላይ ተሳስተን ነበር ብሎ በይፋ ጻፈ። ይሁን እንጂ ሁሉም አልተስማማም። በ2007 ከ60 በላይ ወንጌላውያን ምሁራን እንቅስቃሴው አንዳንድ አባባሎችን እንዲተው ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር።

ማን ልክ ነው የሚለውን መፍረድ የእኛ ሥራ አልነበረም። እኛን የያዘን ሌላ ነው። በዚህ ዘርፍ ስሙ የታወቀ፣ ተመራማሪ ያለው ተቋም እንኳ ለሠላሳ ዓመት ያህል የያዘውን አቋም ቀይሯል። ሲቀይርም በድብቅ አላደረገውም፤ በተናገረበት በዚያው አደባባይ ተናገረ። ከዚያ ማታ ጀምሮ በቻናሉ ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። "ይሳሳታል ወይ?" ማለት ተውን። ሁሉም ይሳሳታል። "ሲሳሳት ምን ያደርጋል?" ማለት ጀመርን።

ከወንድም ጋር መገናኘት

ይህን ለማወቅ የቻናሉን አቅራቢ ማግኘት ያስፈልጋል። እዚህም መጀመሪያ ተሳሳትን። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፍን። "በአሥር ቀን ውስጥ ማብራሪያ እንዲሰጡ" የሚል። እርሱ ደብዳቤውን በቻናሉ ላይ አነበበው። "ጉባኤ በማኅተም ሊያስፈራራኝ መጣ" አለ። ያንን ቪዲዮ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ብዙ ሰው አየው። ደብዳቤውን ዛሬ ሳነበው እውነት አለው። የክስ ወረቀት ይመስላል።

ከዚያ አንድ አባላችን፣ አቅራቢው ቀድሞ ያገለግልበት የነበረውን ጉባኤ መጋቢ አገኘ። በእርሳቸው በኩል ስልክ ተደወለ። በአባላችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተገናኘን። ከእኛ ሁለት ሰው ብቻ ሄድን። ሦስት ሰዓት ቆየን።

የመጀመሪያውን ሰዓት እርሱ ተናገረ፣ እኛ ሰማን። ከአራት ዓመት በፊት በጉባኤው ውስጥ የገንዘብ ብልሹነት አይቶ ለመሪዎች አመልክቷል። ዝም እንዲል ተነገረው። እምቢ ሲል ከአገልግሎት ወረደ። ቻናሉን የከፈተው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የማንም ጉባኤ አባል አይደለም። እሑድ እሑድ ቤቱ ሆኖ ቪዲዮ ያቀናብራል።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፈትን። 47ቱን ሰከንድ አሳየነው። ቀጥሎ ከ31ኛው ደቂቃ ጀምሮ ዋናውን ስብከት አስኬድን። አላቋረጠንም። ሲያልቅ "ቅንጥቡን ተከታታይ ነው የላከልኝ። ሙሉውን አልሰማሁም" አለ። ሰባኪውን ደውለህ ጠይቀሃል ወይ አልነው። አልጠየቅሁም አለ። እኛም አልጠየቅንም፣ ይህንንም ነገርነው።

ከመሄዳችን በፊት እርሱም ጠየቀን። "ትንቢት እንዴት እንደሚመዘን በመድረካችሁ መቼ ነው ያስተማራችሁት?" መልስ አልነበረንም። ስንመለስ የሁለት ዓመት የትምህርት መርሐ ግብር አገላበጥኩ። አንድም ቀን የለም። ሁሉን ፈትኑ የሚለውን ቃል፣ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21ን፣ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። እንዴት እንደሚፈተን ግን ለአንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት ያሳየ ሰው አልነበረም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኛ ነን" አሉ።

ወንድሙ ቪዲዮውን ያንኑ ማታ አጠፋው። ደስ አለን። ደስታችን ግን አንድ ቀን አልቆየም። ቪዲዮው በሌሎች ሰዎች ወርዶ በቲክቶክ እየተላለፈ ነበር። ያዩት ሰዎች መጥፋቱን እንጂ ስሕተት መሆኑን አላወቁም። አንዳንዶቹ "አስፈራርተው አስጠፉት" አሉ። ስለዚህ ዳግመኛ ደወልንለት። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ተናገር አልነው። ሦስት ሳምንት ዘገየ። በመጨረሻ የ4 ደቂቃ ማረሚያ ለቀቀ። የሰባኪውን ስም ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ለማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። ተከታዮቹ በኮመንት ብዙ ሰድበውታል።

የአፋን ኦሮሞውን ቪዲዮ ግን አላረመም። "አጣራለሁ" ብሎ ቀረ።

ሰባኪው ዘንድ

ሁለት ሽማግሌዎች የሰባኪውን ቤት አንኳኩ። ቪዲዮውን ሌላ ሰው ቢሠራውም ሳይጠይቁ የፈረዱት እነርሱ ናቸው። ምሳሌ 18፥17 አስቀድሞ የተናገረ ሰው እውነተኛ እንደሚመስል፣ ባልንጀራው መጥቶ ሲመረምረው ግን ነገሩ እንደሚለይ ይናገራል። እኛ ባልንጀራው እንዲመጣ እንኳ አልጠራነውም ብለው ይቅርታ ጠየቁት።

እርሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ወጣቶቹ ስብከቱን ሙሉውን ይስሙልኝ።" በቀጣዩ ቅዳሜ ሰሙት። አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ በዚያው ፕሮጀክተር። ማንም አልወጣም። 31ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ አንዲት ልጅ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ሲያልቅ አስተባባሪው ተነሥቶ በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀ። በአራት ወር ውስጥ ከሠራነው ሁሉ የተሻለው ያ ቅዳሜ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውሳኔው

ሽማግሌዎች ያጸደቁት ውሳኔ አጭር ነው፤ እሑድ ተነበበ። ቻናሉ አይታገድም፤ እንደ ጉባኤም አንመክረውም። ስለ ገንዘብ ማጭበርበር ያቀረባቸው ማስረጃዎች ጠቃሚ እንደሆኑ በግልጽ ተባለ። ስለ ሰዎች ትምህርት የሚያቀርበው ግን ዋናው ሳይሰማ በመድረካችን ወይም በግሩፖቻችን አይቀርብም። ሁለቱ ስሕተቶች በዝርዝር ተነገሩ። የጉባኤው የራሱ ስሕተትም አብሮ ተነገረ። በዓመት ስድስት ሳምንት ትምህርትንና ትንቢትን ስለ መመርመር እንዲሰጥም ተወሰነ።

አንዳንድ አባላት አልተደሰቱም። "ወይ እውነተኛ ነው ወይ ሐሰተኛ ነው በሉን" አሉ። ቁርጥ ያለ መልስ መፈለጋቸው ይገባኛል። ግን ከ12ቱ ሰባቱ ትክክል፣ ሁለቱ ሐሰት ለሆኑበት ቻናል በአንድ ቃል መመለስ አልቻልንም።

ያልተሳካው

ጊዜ ገደለን። አራት ወር ረጅም ነው። በዚህ መካከል ሁለት ወጣቶች ጉባኤውን ለቀቁ። አንደኛው ሰባኪውን ስለደገፈ ተሰድቦ ነው። ሁለቱንም ቤታቸው ሄደን አነጋገርናቸው፤ አልተመለሱም። ለወጣቶቹ ገና በመጀመሪያው ሳምንት "እያጣራን ነው፤ እስከዚያ ማንም በማንም ላይ አይፍረድ" ብንል ኖሮ የተለየ ይሆን ነበር። ዝም አልን። ዝምታችንን እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ተረጎመው።

ወንድሙን ወደ አንድ ጉባኤ አባልነት ለመመለስም ሞክረን ነበር። አልሆነም። ቁስሉን በአንድ ቡና ልናድነው አንችልም ነበር። ከዚህም በላይ፣ ወደ እኛ ስንጋብዘው ልንቆጣጠረው የፈለግን መሰለው። ምናልባት በከፊል ልክ ነበር።

ሌላ ጉባኤ ሊጠቀምበት የሚችለው

ከሁሉ በፊት ዋናውን ስሙ። ቅንጥብ አይታችሁ አትደግፉም፣ አትቃወሙም። ስብከቱ እናንተ በማትችሉት ቋንቋ ከሆነ የሚችል ሰው ፈልጉ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን በእኛ ጉባኤ ከሁለት መቶ ሰው በላይ ያንን 47 ሰከንድ ሲያይ ሙሉውን የፈለገ አንድም አልነበረም።

ክሱን በመደቡ አስቀምጡት። የእምነት መሠረት ነው? የቤተ እምነት ልዩነት ነው? ልማድ ነው? ወይስ ማጭበርበር? በሐዋርያት ሥራ 18 አጵሎስ ትምህርቱ ሲጎድል ጵርስቅላና አቂላ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት። በገላትያ 2 ደግሞ ጳውሎስ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃወመው፤ የወንጌል እውነት ተነክቶ ነበርና። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የተለያዩት ጉዳዩ ስለተለያየ ነው። በአደባባይ የተሰጠን ትምህርት በአደባባይ መተቸት ኃጢአት አይደለም። የተተቸው ሰው ብሎት ከሆነ።

አገልግሎቱን የምትመዝኑ ከሆነ ደግሞ እነዚህን ጠይቁ። ለማን ተጠያቂ ነው? የሚተቸውን ሰው አስቀድሞ ያነጋግራል? ያለፈው ዓመት ማረሚያ አለው? ካለው ስሕተቱ በታየበት ቦታ ነው ወይስ ተደብቆ? አንድም ማረሚያ የሌለው ቻናል ስሕተት አልሠራም ማለት አይደለም። ገቢው ከየት ነው የሚለውም ይጠየቅ፤ ብዙ እይታ የሚያመጣው ርእስ የትኛው እንደሆነ አቅራቢው ያውቃል፣ ያ ደግሞ ይፈትናል። ይህን ያለው ወንድሙ ራሱ ነው፣ ቡናው ላይ፣ ሳንጠይቀው።

ሰውየውን ስትቀርቡ በማኅተም አትጀምሩ። የሚያውቀውን ሰው ፈልጉ። መጀመሪያ ስሙት።

የመጨረሻው ለሽማግሌዎች ነው። ሰዎቻችሁ ከማን ማስጠንቀቂያ እየተቀበሉ እንደሆነ ጠይቋቸው። መልሱ ከእናንተ ካልሆነ መርሐ ግብራችሁን አገላብጡ።

አሁን ያለበት

ይህ ከሆነ አንድ ዓመት ከግማሽ ሆኖታል። ሰባኪው የተሰረዘበትን የሦስት ቀን ትምህርት ባለፈው ዓመት መጥቶ ሰጠ። ርእሱን ራሱ መረጠ፤ ስለ ክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት ነበር። አዳራሹ ሞላ።

ቻናሉ አሁን ቅንጥብ ሲያቀርብ የሙሉውን ስብከት ሊንክ ከሥሩ ያደርጋል። እኛ አልጠየቅነውም፤ ራሱ የጀመረው ነው። የ4 ደቂቃው ማረሚያ ገጹ ላይ አለ። የአፋን ኦሮሞው ቪዲዮም እንደተለቀቀ አለ። ባለፈው ወር እንደገና ደወልኩለት። አላነሣም። መልእክት ትቼለታለሁ።

እናታችን በመጀመሪያው የስድስት ሳምንት ትምህርት ላይ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው ጥቅሶቹን እየጻፈችላቸው ነበር። አንድም ሳምንት አልቀሩም።